ብርሃን የነካው ፊልም

መሪጌታ ተክለ ማርያም ጠዋት ወደ አውድማችን ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸውና ልቤ ደነገጠ። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ደግሞ ልጃቸው ዲያቆን እዮብ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያላት እናት ሽማግሌ ሲመጣላት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እኔ ግን የመሪጌታን አረማመድ አየሁት። ልጅ ሊለምን የሚመጣ ሰው እንዲያ አይፈጥንም።

ታኅሣሥ ነበር። ውሃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ፣ ሩዙ ታጭዶ፣ እኔና ልጄ ማርያማዊት ነዶውን እየወቃን ነበር። እሷም አየቻቸው። ዱላዋን አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

“እዬ፣ እሱም አለ” አለችኝ በቀስታ፤ እዬ የምትለው እኔን እናቷን ነው።

“አይቼዋለሁ። አንች ብቻ ዝም በይ” አልኳት።

እዮብ ለእኔ አስተማሪዬ ነው። ባለቤቴ እንግዳው ከሞተ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ስጀምር ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። እኛ ሴቶቹ “ትንሹ የኔታ” እያልን እንቀልድበታለን፤ እሱ ያፍርና ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዞራል። ማርያማዊት ከትምህርት ልትወስደኝ ስትመጣ ነው የተያዩት። እውነቱን ለመናገር፣ እሷ መምጣት ከጀመረች ወዲህ ትምህርቱ ቶሎ ማለቁን ትቶ ነበር።

ከዚያ ካሜራው መጣ። ወረታ ላይ፣ በደብረ ታቦር መታጠፊያ አጠገብ፣ አቶ አንለይ የሚባሉ ሰው ድሮ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። እዮብ መደርደሪያቸው ላይ አቧራ የለበሰ አሮጌ ዜኒት ካሜራ አይቶ ከእሳቸው በርካሽ ገዛው። ፊልሙን ከነማጠቢያ መድኃኒቱ በአውቶብስ ሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ አስመጣ። አንድ ጥቅል ብቻ ስለሆነ ይሰስትለታል። አንድ ፎቶ ለማንሳት ደመናው እስኪገለጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ቆሞ ቆሞ ሳያነሳ ይመለሳል። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። “እስቲ አሳየን” ሲሉት “አሁን አይታይም፤ ፊልሙ አልቆ ሲታጠብ ነው” ይላል። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። እንደዚያ ረጋ ብሎ የሚያይ ወጣት በዚህ ዘመን አላየሁም።

ችግሩ ከሌላ በኩል መጣ። ዲያቆን የሚያገባው አንዴ ነው፤ ያውም በተክሊል። ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ክህነቱን ይዞ ሌላ አያገባም። ስለዚህ ለቅስና የሚታሰብ ልጅ ያለው አባት ምራቱን ሲመርጥ አይተኛም። መሪጌታም ከወረታ የቄስ ልጅ የሆነችውን ወለተ ሐናን አሰቡለት። እኛ ገበሬ ነን፤ በዘራችን ቀዳሽ የለም። ማርያማዊት የወለተ ሐናን ነገር ገበያ ላይ ሰማች፤ እዮብም አባቱ ሲነግሩት ዝም አለ ተባለ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም።

በላዩ ላይ ሌላ ወሬ ተጨመረ። በነሐሴ፣ መሪጌታ ለፍልሰታ ሱባኤ ቤተ ክርስቲያን በከረሙበት ሰሞን፣ ልጄ ከቤታቸው ስትወጣ ታይታለች፤ እዮብም ካሜራውን ይዞ አብሯት ነበር አሉ። በዚያ ቤት ያሉት ሰው የእዮብ እናት እማማ አገኘሁሽ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ከአልጋ የማይነሱ በሽተኛ ነበሩ። ነሐሴ ሳያልቅ አረፉ። ሰው እንግዲህ የራሱን ሞላበት። የአንዲት ልጅ ስም እንዲህ ሆኖ ከተነሳ ተክሊል የሚባል ነገር የለም።

ልጄን ጠይቄያት ነበር። “እዬ፣ ክፉ አልሠራሁም። ግን የሰው አደራ አለብኝ” አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልነገረችኝም። አመንኳት። ማመን ግን እንቅልፍ አይሰጥም።

አሁን አውድማው ላይ ሲደርሱ እዮብ ቀና ብሎ አያት። እሷ ነዶውን አየች። እኔ ሁለቱንም አየሁና የማን ጭንቀት እንደሚብስ መለየት አቃተኝ።

*

“እንደምን አደርሽ አማከለች” አሉኝ መሪጌታ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ቤት እንግባ እንጂ፣ እዚህ ገለባ ላይማ አያምርም።”

“አልገባም። የምጠይቀው አጭር ነው።” ከኩታቸው ሥር ካሜራውን አወጡ። “ልጅሽ እዚህ ውስጥ አለች ይባላል።”

“ልጄማ እዚህ ቆማለች፣ መሪጌታ።”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ አሸናፊ ናቸው፤ ሲናገሩ ሁሌም የሚስቁ ይመስላሉ። “እሷንማ እናያታለን። ውስጥ ያለችዋን ነው የምንፈልገው” አሉ።

መሪጌታ ወደ ማርያማዊት ዞሩ። “ፎቶ ተነስተሻል?”

“ተነስቻለሁ፣ የኔታ።”

“በሱባኤው ጊዜ ቤቴ ገብተሻል?”

“ገብቻለሁ።”

“ምን ልትሠሪ?”

ቀና ብላ እዮብን አየችው፤ ከወር በላይ ቆይታ ገና ማየቷ ነው። እሱ አፉን ሲከፍት ራሷን ነቀነቀችለት፤ እሱም መልሶ ዘጋው። ያ መተያየት ለእኔ አደራ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ግን ጥፋት መሰለ።

“እሱን አሁን መናገር አልችልም” አለች።

“ኧረ ልጄ፣ ተናገሪ። አባቶች ናቸው እኮ” አልኳት። እጇን ብቻ ያዘችኝ።

“እንግዲያ ራሴ አየዋለሁ” አሉ መሪጌታ።

እዮብ ወደ ፊት ተራመደ። “አባባ፣ እባክዎን። ሳይታጠብ አይታይም።”

“የሚታጠብ ከሆነ እድፍ አለው ማለት ነዋ” አሉ አያ አሸናፊ።

“አባባ፣ ይስሙኝ። እንደተከፈተ ብርሃን ከነካው ያለው ሁሉ ይጠፋል።”

መሪጌታ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ክፉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብርሃን መልካም እንደሆነ፣ የተሰወረ ሁሉ ወደ ብርሃን እንዲወጣ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። “ብርሃን የሚፈራ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?” አሉና የካሜራውን የጎን መቆለፊያ ሳቡት።

ጀርባው ተከፈተ። የጠዋቱ ፀሐይ ውስጡ ገባች። እኔም ሳልፈልግ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሰው የለበትም። መልክ የለበትም። ግራጫ ጥብጣብ ብቻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

“የት አለች?” አሉ መሪጌታ። እንደ ልጅ ነው የጠየቁት።

ያን ጊዜ ማርያማዊት እጄን ለቀቀች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሳብ አድርጋ በካሜራው ላይ ጣለችው፤ ጠቀለለችውና ከመሪጌታ እጅ ነጥቃ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ጎንበስ ብላ በሰውነቷ ሁሉ ጥላ ሆነችበት። ፀጉሯ በሽማግሌዎቹ ፊት ተገልጦ ፀሐይ መታው።

“ኧረ ፀጉርሽን ሸፍኝ፤ አባቶች ፊት ነሽ” አሉ አያ አሸናፊ። አሁን አልሳቁም።

“እኔን ብርሃን አይጎዳኝም፣ አያ አሸናፊ” አለች። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረች። “የኔታ፣ እዚህ ውስጥ ያሉት እማማ አገኘሁሽ ናቸው። ታጥቦ እስኪያልቅ እንዳንነግርዎ አደራ ብለውን ነበር።”

“የኔ አገኘሁሽ?”

“አዎ።”

መሪጌታ እጃቸውን አዩ፤ መቆለፊያውን የሳበውን እጅ። “ከመታወቂያዋ በቀር ፎቶ የላትም። እሱም ፊቷ ደብዝዟል” አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። ከዚያ ኩታቸው እየተጎተተ ገለባው ላይ ተቀመጡ። ልቆጣቸው አዘጋጅቼው የነበረው ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ። አዘንኩላቸው፤ ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ።

*

ፊልሙን ለማሳጠብ ወደ ወረታ፣ ወደ አቶ አንለይ በባጃጅ ሄድን። እዮብ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኛ ሦስታችን ከኋላ ተጣበብን። መሪጌታ በነጠላ የተጠቀለለውን ካሜራ ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ያዙት። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ማርያማዊት ራሷ ባዶ ስለሆነ በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኳት።

“ምን አለችሽ?” አሉ መሪጌታ። ፊታቸውን ወደ ሜዳው አድርገው ነው።

“እዮብን ልከው አስጠሩኝ። ፀጉሬን ሥሪኝ አሉኝ፤ ሹሩባ። ሙሽራ ሳሉ የተሠሩትን ዓይነት። ቀስ ብዬ ሠራኋቸው፤ ራሳቸውን ያማቸው ነበር።”

“ከዚያስ?”

“ውሃው ደጃፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። ውሃውን ልየው አሉ፤ ደግፈን አወጣናቸው። እዮብ ካሜራውን ሲያዘጋጅ ‘መሪጌታ ቢሰማ በሱባኤ ቀን ስለ ነፍስሽ በማሰብ ፈንታ ፎቶ ትነሻለሽ ይለኛል’ አሉ። ‘መጀመሪያ ፎቶዬን ይየው፣ ከዚያ ይቆጣኝ’ አሉ። ከዚያ ሳቁ።”

“ሳቀች?”

“ስለ እርስዎ ነው የሳቁት።” ልጄ ልትቀጥል ፈራች። እኔ በክርኔ ነካ አደረግኋት። “መጀመሪያ ሊያዩአቸው የመጡ ዕለት ክረምት ነበር አሉ። ጭቃው ጫማዎን ወስዶብዎ በባዶ እግርዎ እንደገቡ ነገሩን።”

“አንዱን ነው” አሉ መሪጌታ። “አንዱን ጫማ ብቻ ነው የወሰደው። ሁልጊዜ ሁለቱን ታደርገዋለች።”

እዮብ ከፊት ሆኖ ሲሰማ ጀርባው ተንቀጠቀጠ። የሚስቅ መሰለኝ፤ በኋላ ግን በእጅጌው ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

*

አቶ አንለይ ነጠላውን ሳይፈቱ ነገሩን ሰሙ። “ማን ከፈተው?” አሉ።

እዮብ ሊመልስ ሲል መሪጌታ ቀደሙት። “እኔ ነኝ።”

አቶ አንለይ አልነቀፏቸውም። “ፊልም ሲነሳ እንደ ድውር ክር ይጠቀለላል” አሉ። “መጀመሪያ የተነሳው ከውስጥ ይሆናል፣ የኋለኛው ከላይ። ብርሃኑ ከላይ ያለውን በልቶታል። ምን ያህል እንደዘለቀ ግን ሳይታጠብ አይታወቅም። እናትህ መቼ ነው የተነሱት?”

“መጀመሪያ ላይ። እንደጀመርኩት” አለ እዮብ።

“ከዚያ በኋላስ?”

እዮብ ማርያማዊትን አያት። “ከዚያ በኋላማ እሷ ናት። ሩዝ ስታርም፣ ነዶ ስትሸከም፣ እናቷን ከትምህርት ስትጠብቅ።”

“እንግዲያ የእሷ ሄዷል” አሉ አቶ አንለይ። ጥቅሉን ይዘው ድሮ ጨለማ ክፍል ወደነበረው ጓዳ ገቡና በሩን በብርድ ልብስ ከለሉት።

መሪጌታ በሩ ፊት ቆሙ፤ ወንበር ብናቀርብላቸው እንቢ አሉ። ልጆቹ ወደ በረንዳው ወጡ። የጭነት መኪናዎች ወደ ጎንደር ያልፋሉ፤ አቧራው ይነሳል። እኔ መግቢያው ላይ ነበርኩ። ራቅ ልል ይገባኝ ነበር፤ ግን እናት ነኝ፣ አልራቅሁም።

“ወር ሙሉ ሰላምታዬን እንኳ አልተቀበልሽኝም” አላት።

“ወለተ ሐና ስትታጭልህ ዝም አልክ ተባለ።”

“አባቴ የእናቴን ቀሚስ ከመስቀያው አላወረደም፣ ማርያማዊት። እንዴት ብዬ ያን ሰሞን እንቢ ልበለው? ዝም አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም።”

“ያንን እኔ በምን ልወቀው?”

“ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።”

“አንተስ ብትመጣ ምን ነበረበት? ቤቴን እንደሆነ ታውቀዋለህ።”

አንድ ትልቅ መኪና አለፈና አቧራው እስኪረግብ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ያንች ሁሉ ተቃጠለ” አለ። “እንቅልፍ ሲያጣኝ ፊልሙ ውስጥ የት የት እንዳለሽ በልቤ እቆጥር ነበር። ሲታጠብ ይዤልሽ ልመጣ ነበር ያሰብኩት። ያኔ ትታረቂኝ ይሆናል ብዬ።”

“እኔ አልተቃጠልኩም። እዚህ አለሁ።”

“አባቴ እንቢ ካለ ቅስናውን እተወዋለሁ። ዲቁናውም ይቅር። ሩዝ ማረስ አያቅተኝም።”

ማርያማዊት ቶሎ አልመለሰችለትም። ስትመልስ ድምጿ ዝቅ ያለ ስለነበር ጆሮዬን አዘነበልኩ።

“አይሆንም። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅህን ነው፤ ቅዳሴ ላይ። መልክህን ሳላይ ነው የወደድኩህ። እሱን ትተህ ብትመጣ ቤቴ የሚገባው የማላውቀው ሰው ነው። ወይ እንዳለህ ና፣ ወይ አትምጣ።”

“እንዳለሁ ካላስመጡኝስ?”

“እንግዲያ እኔም እንዳለሁ እቀራለሁ” አለችው።

አልተነካኩም። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነበር። ግን ያን ያህል ተቀራርበው የቆሙ ሰዎች አላየሁም። ባለቤቴ እንግዳው ትዝ አለኝ፤ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

*

አቶ አንለይ እርጥቡን ፊልም በጫፉ ይዘው ወጡና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጉት። አብዛኛው ጥቁር ነው፤ እንደ ጥላሸት። የልጄ የሩዝ ማሳ፣ ነዶዋ፣ እኔን የጠበቀችበት የትምህርት ቤቱ ደጅ፣ ሁሉም እዚያ ጥቁር ውስጥ ቀርቷል። ወደ መጨረሻው ጫፍ ሲደርስ ግን ጥቁሩ እየሳሳ ሄደ። ከሁሉ በፊት የተነሳችው፣ ከውስጥ የነበረችው አንዲት ፎቶ ጠርዟ ብቻ ነው የተነካው።

መሪጌታ ተጠጉ። ፊልም ላይ ሁሉ ነገር ግልባጭ ነው፤ ፊቱ ጠቁሮ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይታያል።

“ሲታተም ይስተካከላል” አሉ አቶ አንለይ። “አሁን ላይለዩዋቸው ይችላሉ።”

“ለይቻታለሁ” አሉ መሪጌታ። “ልትስቅ ስትል አንገቷን እንዲህ ታደርጋለች።” የራሳቸውን አንገት ዘንበል አደረጉ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ሹሩባው በነጭ መስመር፣ ከኋላቸው ውሃው፣ ሁሉም ይታያል። “ተሠርታ ነበር። እኔ ከሱባኤ ስመለስ ሻሽ አስራ ነበር፤ አላየሁትም።”

“ያተረፏቸው ከላይ የነበሩት ናቸው” አሉ አቶ አንለይ። “የልጅቱ ፎቶዎች ብርሃኑን ባይሸከሙት እዚህ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ቶሎ ባይሸፈን ደግሞ ይቺም አትገኝም።”

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ጠዋት የታየው ነገር ምሽት ላይ መንደሩን ሁሉ እንደሚያዳርስ አውቃለሁ። ያ ፊልም ልጄን ነጻ ያወጣት ነበር፤ ማሳ ላይ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ላቧን ስትጠርግ። አሁን ጥላሸት ነው።

“መሪጌታ” አልኳቸው። “ልጄን የሚያሳይ አንድም አልቀረም። እንግዲህ በምን ያምኗታል?”

ዓይናቸውን ከመስኮቱ አነሱ። ማርያማዊት ከእኔ አጠገብ ቆማለች። ነጠላዋ ጠረጴዛው ላይ፣ ባዶው ካሜራ ላይ እንደተጣለ ነው። እዮብ ሊናገር ሲል አባቱ እጃቸውን አነሱ።

“ዛሬ ጠዋት ስሟን ላጎድፍ ነው የመጣሁት” አሉ። “እሷ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ራሷን ገልጣ የእኔን ሚስት ሸፈነች። ሌላ ምን ልይ?”

ልጄ አንገቷን ደፋች።

“ከወለተ ሐና አባት ጋር ቃል አላሰርንም። ነገ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ሐሙስ ሽማግሌዎች ይመጡብሻል፣ አማከለች። ያው ዛሬ ያየሻቸው ናቸው። የእነሱን ጥፋት በእኔ ቁጠሪውና ደጅ ላይ አታስቁሚያቸው።”

እሺ ማለት ነበረብኝ። የድሃ ሴት፣ የባል አልባ ሴት መልሷ እሺ ነው። ግን ልጄ ጠዋት ገለባው ላይ እንዴት እንደቆመች ዓይኔ ላይ አለ።

“ይቆማሉማ፣ መሪጌታ” አልኩ። “ልጄን እንዳቆሟት ትንሽ ይቆማሉ።”

ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። እዮብ ወደ አባቱ ተመለከተ። አቶ አንለይ ጓዳው ውስጥ የሆነ ነገር ሊያነሱ ገቡ።

መሪጌታ ጥቂት አሰቡ። “እውነትሽን ነው፤ ይቁሙ” አሉ። “እኔም መጥቼ አብሬያቸው እቆማለሁ።”

የወንዱ አባት ከሽማግሌ ጋር ደጅ ሲቆም በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል ታይቶ አይታወቅም። ማርያማዊት ፊቷን ትከሻዬ ውስጥ ቀበረች። ትከሻዬ ረጠበ። እዮብ ካለበት ሳይነቃነቅ ያያታል፤ ያ ካሜራ ይዞ ደመናው እስኪገለጥ የሚቆመው አቋቋሙ ነው። ትሳቅ ታልቅስ መለየት አቃተኝ፤ ቀና አድርጌም አላየኋት። ለእኔ አይደለም ያ ፊት። ብቻ እጄን ፀጉሯ ላይ አድርጌ እንዳይበርዳት ያህል ያዝኳት።